ሪቻርድ ራስልን በምሳው ብቻ አንመዝነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ከደሴ፣ ወሎ

ጤና ይስጥልን። ስለ ትምህርት ቤት ምገባ ባወጣችሁት ሰፊ ጽሑፍ ውስጥ የአሜሪካውን ሴናተር ሪቻርድ ራስልን የተማሪዎች ምሳ ሕግ አባት ብላችሁ አመስግናችሁት አልፋችኋል። በቀጣዩ እትም ደግሞ አንድ አንባቢ፣ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የጥቁሮችን መብት ሲከለክል የኖረ ነውና ምኑ ይመሰገናል ሲሉ መልስ ሰጡ። ሁለታችሁም ያላችሁት እውነት ነው። ነገር ግን ጉዳዩ በሁለት እትም ተከፍሎ ሲነበብ፣ ራስል በአንድ ራስ ሁለት ምላስ የነበረው ሰው ይመስላል። አልነበረም። ምሳውን ያስገኘውም መብቱን ያዘገየውም አንድ ሙያ ነው፤ የምክር ቤት አሠራርን፣ የስብሰባ ደንብንና በጀት የሚሄድበትን መንገድ ጠንቅቆ ማወቅ። ይህንን ሙያ ዋሽንግተን ገብቶ አልተማረውም፤ ከግዛቱ ይዞት ሄደ እንጂ። በደሴና በኮምቦልቻ ታሪክና የዜግነት ትምህርት የምናስተምር ሰዎች እንደመሆናችን፣ ነገሩን ከሥሩ ብናስረዳ ለአንባቢ ይጠቅማል ብለን ነው የጻፍነው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሲሆን እንናገራለን።

ራስል ኖቬምበር 2 ቀን 1897 በጆርጂያ ግዛት ዊንደር በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከ13 ልጆች የመጀመሪያው ወንድ ስለነበር የአባቱን ስም እንዳለ ወረሰ። አባትየው ዳኛ ነበሩ፤ በኋላም የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ሆነዋል። ለአገረ ገዥነትም ለሴኔትም ተወዳድረው አልቀናቸውም። ልጁ በ1918 ከጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቆ፣ ለአጭር ጊዜ በባሕር ኃይል ተጠባባቂነት አገልግሎ፣ ዊንደር ተመልሶ ከአባቱ ጋር ጥብቅና ያዘ። በ1920 ለጆርጂያ የተወካዮች ምክር ቤት ተመርጦ በ1921 ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ገና 23 ዓመቱ ነበር።

በዚያ ምክር ቤት 10 ዓመት ቆየ። ብዙ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ይህንን ዘመን በሁለት መስመር ይዘልለዋል፤ ዋናው ነገር ግን እዚህ ነው ያለው። በ1923 ምክትል አፈ ጉባኤ፣ በ1927 ደግሞ በ29 ዓመቱ አፈ ጉባኤ ሆነ። አፈ ጉባኤ መዶሻ ይዞ ጸጥታ የሚያስከብር ብቻ አይደለም። የኮሚቴ አባላትን የሚመድበው፣ ረቂቅ ሕጉ ወደየትኛው ኮሚቴ እንደሚመራ የሚወስነው፣ ማን መቼ እንደሚናገር የሚፈቅደው እሱ ነው። አንድን ረቂቅ ለማስቀረት የግድ ተቃውሞ ድምፅ መስጠት አያሻም። ሰብሳቢው ረቂቁን ወደማይወድበት ኮሚቴ መምራት፣ አለዚያም የጉባኤው ዘመን ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው እንዲቀርብ ማድረግ ይበቃል። ማንም ተቃወመ ሳይባል ረቂቁ ውኃ ይበላዋል። ራስል ብዙ የማይናገር፣ ሰው ፊት የማይቆጣ፣ ነገር ግን እያንዳንዱ አባል ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚፈራ የሚያውቅ ሰው ሆኖ የወጣው ከዚህ ወንበር ነው።

ወንበሩ ለምን እንዳልተነቃነቀ ለመረዳት የጆርጂያን የድምፅ አቆጣጠር ማወቅ ያስፈልጋል። ግዛቱ 159 ካውንቲዎች አሉት፤ ካውንቲውን እንደ ወረዳ ቁጠሩት። በ1917 በወጣ ሕግ መሠረት በዴሞክራቲክ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ የሚያሸንፈው ብዙ ሕዝብ የመረጠው ሳይሆን ብዙ የካውንቲ ነጥብ ያገኘው ነበር። 8ቱ ትልልቅ ካውንቲዎች ለእያንዳንዳቸው 6 ነጥብ፣ ቀጣዮቹ 30 ለእያንዳንዳቸው 4 ነጥብ፣ የቀሩት 121 ደግሞ 2 2 ነጥብ ነበራቸው። ደምሩት፤ 410 ይመጣል። ከዚህ ውስጥ 242ቱ በትንንሾቹ እጅ ነው፤ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። አትላንታ ያለችበት ፉልተን ካውንቲ በ1960 ቆጠራ 556,326 ሰው ይዞ 6 ነጥብ ሲያገኝ፣ ኤኮልስ የሚባለው ካውንቲ በ1,876 ሰው 2 ነጥብ ያገኝ ነበር። ስለዚህ የኤኮልስ አንድ ሰው በፉልተን 99 ሰው ያክል ነበር። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን አቆጣጠር የሻረው በ1963 ነው። በዚህ ላይ የፓርቲው ቅድመ ምርጫ እስከ 1940ዎቹ አጋማሽ ድረስ ለነጮች ብቻ የተከለለ ነበር፤ በደቡቡ ደግሞ ዴሞክራት ያልሆነ ስለማያሸንፍ ቅድመ ምርጫው ራሱ ምርጫ ነበር። እንግዲህ ለራስል ሥልጣን የሰጡት የገጠር ነጮች ናቸው፤ የጥጥ ገበሬዎች፣ የካውንቲ ሹማምንት፣ የአነስተኛ ከተማ ነጋዴዎች። ጥቁሩ ጭሰኛ ግን አዝመራው ተቆጥሮ ድምፁ ሳይቆጠር ይኖር ነበር። ምሳውም እገዳውም የሚጀምረው ከዚህ ሒሳብ ነው።

በ1930 ለአገረ ገዥነት ተወዳድሮ አሸነፈ። ጁን 27 ቀን 1931 ቃለ መሐላ ያስፈጸሙት ዋና ዳኛው አባቱ ነበሩ፤ ዕድሜው 33። ቀኑ በእኛ ሰኔ 20 ቀን 1923 ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት የሰጡት ከዚያ 19 ቀን ቆይቶ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 መሆኑ ለታሪክ ተማሪ ጥሩ ማስታወሻ ነው። በዚያ ሕገ መንግሥት የተቋቋመው የእኛ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላቱን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከመኳንንቱና ከሹማምንቱ ይሾሟቸው ነበር። የ1955ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያውን አባላት በሕዝብ ምርጫ ሲያደርግ መወሰኛውን በሹመት እንዳለ ተወው። አንዳንድ አንባቢ የአሜሪካን ሴኔት በዚያ ዓይን ያየዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከአሁኑ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ጋር ያመሳስለዋል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕገ መንግሥት ይተረጉማል፣ ለክልሎች የሚሰጠውን ድጎማ ቀመር ይወስናል እንጂ ሕግ አያወጣም። የአሜሪካው ሴኔት ግን ሕግ ያወጣል፣ በጀት ይቆርጣል፣ የፕሬዚዳንቱን ሹመት ያጸድቃል ወይም ይጥላል፤ ትልቅም ይሁን ትንሽ እያንዳንዱ ግዛት ሁለት ሰው ይልካል። እስከ 1913 ድረስ ሴናተሮችን የሚመርጡት የግዛት ምክር ቤቶች ነበሩ፤ ራስል የሄደው ግን በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ ነው።

አገረ ገዥ ሆኖ የሠራው ጊዜ አጭር ቢሆንም ደረቅ ሥራ ነው፤ ኢኮኖሚው በወደቀበት፣ የጥጥ ዋጋ በተንኮታኮተበት ዘመን። በ1931 ባወጣው የመልሶ ማደራጀት ሕግ 102 የነበሩትን የግዛቱን መሥሪያ ቤቶች ወደ 17 አወረዳቸው። እያንዳንዱ የየራሱ ቦርድ የነበራቸውን የመንግሥት ኮሌጆች በአንድ የበላይ ቦርድ ሥር ሰበሰባቸው፤ ያ ቦርድ ዛሬም አለ። ብዙ አገረ ገዥዎች መሥሪያ ቤት እናጥፋለን ብለው ምለው ሳይሆንላቸው ይቀራል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቢሮ በምክር ቤቱ ውስጥ የሚሟገትለት ዘመድ አለው። ራስል የተሳካለት 10 ዓመት ከእነዚሁ ዘመዶች ጋር ስለተቀመጠ ነው፤ ማን ምን ሲሰጠው ዝም እንደሚል ያውቅ ነበር።

በኤፕሪል 1932 ሴናተር ዊሊያም ሃሪስ ሞቱ። ባዶውን ወንበር ለጊዜው የመሙላት ሥልጣን የአገረ ገዥው ነው። ራስል ራሱን አልሾመም፤ እንዲህ ያደረገ ሁሉ በቀጣዩ ምርጫ ሲወቀስ አይቷል። ጆን ኮኸን የተባሉትን የጋዜጣ ሰው ለጊዜው ሾመና እሱ ለቀሪው ዘመን ተወዳደረ። ለረጅም ዓመታት በፌዴራሉ ምክር ቤት የቆዩትን ቻርልስ ክሪስፕን አሸንፎ ጃንዋሪ 12 ቀን 1933 ሴኔት ገባ። ከዚያ በኋላ ብርቱ ተፎካካሪ የገጠመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1936 የወቅቱ አገረ ገዥ ዩጂን ታልማጅ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን አዲስ የኢኮኖሚ መርሐ ግብር እያወገዘ መጣበት። ራስል መርሐ ግብሩን ደግፎ ተከራከረ፤ ገበሬው ዋጋና ብድር ያገኘበት ነውና አሸነፈ። ነገር ግን በዚያው ቅስቀሳ የነጭ የበላይነት እንደማይነካ ቃል መግባቱን ማስታወስ ለሐቁ ተገቢ ነው። ለድሃ ገበሬ መሟገትና ዘር መለየት በእሱ አፍ ላይ አልተጣሉም።

አሁን ወደ ምሳው። ራስል ገና አዲስ ሴናተር ሳለ የበጀት ኮሚቴ አባልነት አገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ የግብርና በጀትን የሚያየውን ንዑስ ኮሚቴ ይመራ ጀመር። በአሜሪካ አሠራር አንድ ፕሮግራም ሁለት በር ማለፍ አለበት፤ አንዱ ፕሮግራሙን የሚፈቅደው ሕግ ነው፣ ሌላው በየዓመቱ ገንዘቡን የሚሰጠው የበጀት ሕግ። ብዙ ሰው በመጀመሪያው በር ላይ እልል ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ፕሮግራሙ የሚሞተው ግን በሁለተኛው ነው። በ1935 የወጣ የግብርና ሕግ ከጉምሩክ ገቢ 30 ከመቶውን ለትርፍ ምርት ማንሻ መድቦ ስለነበር፣ መንግሥት ከገበሬው የገዛውን ትርፍ ምርት ለትምህርት ቤቶች ይሰጥ ነበር። ምግብ የሚያበስሉትን ሴቶች ደሞዝ ደግሞ ለሥራ አጦች የተቋቋመው ድርጅት ይከፍል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ያ ድርጅት ሲዘጋ ማብሰያ ሰው ጠፋ፤ ምሳው በየዓመቱ በልመና የሚታደስ ነገር ሆነ። ራስል ከሉዊዚያናው ሴናተር አለን ኤሌንደር ጋር ሆኖ ፕሮግራሙን ቋሚ ሕግ ለማድረግ ተነሣ። ለአገር መከላከያ ተመልማዮች በምግብ እጥረት ምክንያት መውደቃቸውን ለአንዱ ወገን፣ ለገበሬው ምርት ገበያ መገኘቱን ለሌላው ወገን እያሳየ ድምፅ ሰበሰበ። ፕሬዚዳንት ትሩማን ጁን 4 ቀን 1946 ፈረሙ።

ሕጉ ገንዘቡን ለየግዛቱ የሚያካፍለው በቀመር ነበር፤ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች ቁጥርና የግዛቱ የነፍስ ወከፍ ገቢ ይታያል፣ ገቢው ያነሰ የበለጠ ያገኛል። የድጎማ ቀመር ሲነሣ ምን ያህል እንደሚያነታርክ እዚህ ላለ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ሙሉው ምሳ፣ አንደኛ ዓይነት የሚሉት፣ በደንብ የተመጠነ ነው። ሩብ ሊትር ያህል ወተት፤ 57 ግራም ያህል ሥጋ፣ ዓሣ ወይም አይብ፣ ካልሆነም አንድ እንቁላል ወይም ግማሽ የውኃ ብርጭቆ የተቀቀለ ጥራጥሬ ወይም 4 የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ፤ ሦስት አራተኛ ብርጭቆ አትክልት ወይም ፍራፍሬ፤ አንድ ቁራጭ ዳቦ፤ 2 የሻይ ማንኪያ ቅቤ። የጥራጥሬውን ምርጫ ወደ እኛ ብናመጣው ግማሽ ብርጭቆ የባቄላ ንፍሮ ከ40 ግራም ገደማ ደረቅ ባቄላ ይወጣል። 300 ልጅ ላለው የደላንታ ወይም የተንታ ትምህርት ቤት በቀን 12 ኪሎ ማለት ነው፤ አንድ ኩንታል 8 የትምህርት ቀን ያበላል፣ በዘጠነኛው ቀን ይጎድላል። ዘይቱ፣ ጨው፣ ማገዶውና ውኃው በዚህ ውስጥ የለም። ምገባ ሲቋረጥ ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው እህሉ ሳይሆን እነዚህ ናቸው።

ሕጉ የተበላሸበት ቦታ ተጓዳኝ መዋጮው ላይ ነው። ፌዴራሉ አንድ ዶላር ሲሰጥ ግዛቱ እስከ 1950 ድረስ አንድ ዶላር፣ እስከ 1955 አንድ ዶላር ተኩል፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ዶላር እንዲያዋጣ ተደነገገ፤ ድሃ ለሆኑ ግዛቶች ቅናሽ ነበረው። በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ልጆቹ ለምሳ የሚከፍሉት ሳንቲም እንደ ግዛቱ መዋጮ እንዲቆጠር ተፈቀደ። ከዚያ ወዲያ ግዛቶች ከካዝናቸው ለምን ያወጣሉ? የሚከፍል ልጅ የበዛበት ትምህርት ቤት መዋጮው ሞላለት፣ ትርፉን እህልም አገኘ። መክፈል የማይችል ልጅ በነፃ ወይም በቅናሽ ይብላ የሚል አንቀጽ አለ፤ ለዚያ ተብሎ የተለየ ገንዘብ ግን አልተያዘም፤ ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ አንዱን ድሃ ለማብላት የሌላውን ድሃ ሳህን ማሳነስ ነበረበት። ወጥ ቤት የሌላቸው ትምህርት ቤቶች፣ ማለትም የከተማ አሮጌ ሕንፃዎችና የገጠር የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤቶች፣ ከመጀመሪያውም አልገቡበትም። ከኒው ዮርክ የተመረጡት ጥቁሩ የምክር ቤት አባል አዳም ክሌይተን ፓወል የተለያዩ ትምህርት ቤቶች ባሉበት ግዛት ገንዘቡ ለሁለቱም በትክክል ይከፋፈል የሚል ማሻሻያ አስገብተዋል። ይሁንና ክፍፍሉን የሚያካሂዱት እነዚያው የግዛቱ ሹማምንት ነበሩ። መክፈል ለማይችሉት ልጆች ነገሩ መሻሻል የጀመረው በ1960ዎቹ በወጡ ማሻሻያዎች ነው።

ራስል ይህን ቀዳዳ አላየም ማለት ይከብዳል። በጀት የሚያውቅ ሰው መዋጮ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ያውቃል። ክፍፍሉ በግዛቶች እጅ ይቆይ የሚለው አቋሙ ዋሽንግተን የደቡቡን የዘር ሥርዓት እንዳትነካ የሚያስችል አጥርም ነበር። እዚህ ላይ አንባቢው የጻፉት ደብዳቤ የእናንተን ጽሑፍ ያርመዋል።

የመብት ረቂቆችን በረጅም ንግግር የማገዱ ሥራ ደግሞ እንዲህ ነው። በሴኔት አንድ አባል ንግግር ከጀመረ ራሱ ካልተቀመጠ በቀር ማንም አያስቀምጠውም። ክርክሩን ለመዝጋት የሚያስችለው ደንብ በ1917 ሲወጣ ድምፅ ከሚሰጡት ሁለት ሦስተኛውን ይጠይቅ ነበር፤ በ1949 ከጠቅላላው አባላት ሁለት ሦስተኛ ሆነ፣ በ1959 ወደ ቀድሞው ተመለሰ፣ በ1975 ደግሞ 60 ድምፅ ሆነ። በሁለት ሦስተኛው ደንብ ጊዜ 100 ሴናተሮች ሁሉ ድምፅ ከሰጡ 34 ሰው ያለው ማንኛውንም ረቂቅ ያቆም ነበር። ራስል ከደቡቡ 20 የማይሞላ ሰው ነበረው። ቀሪውን የሚያገኘው ከትንንሽ ግዛቶችና ከወግ አጥባቂ ሪፐብሊካኖች ነው፤ እነሱ ነገ የራሳቸውን ጉዳይ በዚሁ ደንብ ለመከላከል ስለሚፈልጉ ክርክር መዝጋትን አይወዱም። በ1938 ሰውን ያለ ፍርድ በመንጋ መግደልን የሚከለክለው ረቂቅ ሳምንታት በፈጀ ንግግር ወደቀ፤ ራስል ከመሪዎቹ አንዱ ነበር። በማርች 1956 የትምህርት ቤቶችን መቀላቀል የተቃወመው የደቡብ አባላት መግለጫ ሲወጣ የመጨረሻውን ጽሑፍ ያስተካከሉት ውስጥ አለበት።

በ1957 የጥቁሮች መብት ረቂቅ ሕግ ሲቀርብ ግን ሌላ መንገድ መረጠ። ደቡቡ ሁልጊዜ ንግግር ብቻ ካበዛ ደንቡ ራሱ ሊቀየር እንደሚችል ገባው። ስለዚህ ጁላይ 2 ቀን ተነሥቶ የረቂቁን ሦስተኛ ክፍል አንቀጽ በአንቀጽ አነበበ፤ ይህ ክፍል ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ከወጣ ሕግ ጋር ተያይዞ ወታደር እስከማዝመት የሚያደርስ ሥልጣን እንደሚሰጥ አሳየ። ረቂቁን ይደግፉ ከነበሩት ብዙዎቹ ይህን አላነበቡትም ነበር። ክፍሉ በ52 ለ38 ድምፅ ወጣ፤ ቀጥሎም በዚህ ሕግ የሚከሰስ ባለሥልጣን ከተራው ሕዝብ በሚመረጡ ፈራጆች ጉባኤ ይታይ የሚል ማሻሻያ በ51 ለ42 ገባ። በደቡብ ውስጥ ነጮች ብቻ የሚቀመጡበት ጉባኤ ነጭ ሹምን እንደማይፈርድበት ሁሉም ያውቃል። ሕጉ ወጣ፣ ጥርሱ ግን ወለቀ። ይህን ስላገኙ ደቡቦቹ ሊያግዱት አልተነሡም፤ የደቡብ ካሮላይናው ሴናተር ስትሮም ተርመንድ ብቻ ብቻውን 24 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ተናገረ። ያ ንግግር በሰዓቱ ርዝመት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ አንድም ድምፅ አልለወጠም። ሥራውን የሠራው ራስል ነው፣ ያውም ጥቂት ተናግሮ።

በ1964ቱ የመብት ሕግ ላይ የተደረገው ትግል የደንብ ትምህርት ቤት ነው። ረቂቁ ከታችኛው ምክር ቤት ፌብሩዋሪ 10 ቀን አለፈ። በተለመደው አሠራር ወደ ፍትሕ ጉዳዮች ኮሚቴ ይመራ ነበር፤ ሰብሳቢው የሚሲሲፒው ጄምስ ኢስትላንድ ስለሆነ እዚያ መቀበሩ የታወቀ ነው። የብዙኃኑ መሪ ማይክ ማንስፊልድ ሌላ የደንብ አንቀጽ ተጠቅሞ በቀጥታ ለጉባኤው እንዲቀርብ አደረገ። ራስል 18 የደቡብ ዴሞክራቶችን በሦስት ምድብ ለስድስት ለስድስት ከፈላቸው፤ አንዱ ምድብ ሲናገር ሁለቱ ያርፋሉ። የሚከላከል ወገን አንድ ተናጋሪና አንድ ሁለት ሰው ይበቃዋል። የሚደግፈው ወገን ግን በማንኛውም ሰዓት 51 ሰው ማቅረብ አለበት፤ ምክንያቱም ተከላካዩ በፈለገ ጊዜ ምልዓተ ጉባኤ ይቆጠርልኝ ይላል። 51 ካልሞላ ጉባኤው ይበተናል፤ ከተበተነ ደግሞ አዲስ የጉባኤ ቀን ይጀምራል። ይህ ለምን ያሳስባል? አንድ ሴናተር በአንድ ጉዳይ በአንድ የጉባኤ ቀን ከሁለት ጊዜ በላይ አይናገርም። ጉባኤው ለዕረፍት ብቻ ከተነሣ የጉባኤው ቀን እንዳለ ይቀጥላል፣ በካላንደሩ ሳምንት ቢያልፍም ያው አንድ ቀን ነው። ከተበተነ ግን ሁሉም ሁለት ሁለት አዲስ ንግግር ያገኛል። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ማሻሻያ እንደ አዲስ ጉዳይ ስለሚቆጠር ማሻሻያ ማስገባት ራሱ ጊዜ መግዣ ነው። የድጋፉ መሪ ሂዩበርት ሐምፍሪ በየቀኑ ማን ከተማ ውስጥ እንዳለ ስም ዝርዝር ይዞ የሚከታተለው ለዚህ ነበር።

ራስል የተሸነፈው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ሪፐብሊካኑ መሪ ኤቨረት ዲርክሰን በጥቂት ማሻሻያ ረክተው ድምፅ ይዘው መጡ። ሁለተኛው ነጩ ቤት ውስጥ የተቀመጠው ሊንደን ጆንሰን የራሱ የራስል ተማሪ መሆኑ ነው። ጆንሰንን በ1953 የፓርቲው የሴኔት መሪ ያደረገው የራስል ድጋፍ ነበር፤ ላጤው ራስል በእሁድ ቤታቸው የሚበላ ወዳጅ ነበር፤ ደንቡን ያስተማረውም እሱ ነው። ጆንሰን መምህሩ የት እንደሚደራደር ስለሚያውቅ አንድም ክፍል እንዳይሸጥ አዘዘ። ጁን 10 ቀን ጠዋት ከተቃዋሚዎቹ አንዱ ሮበርት በርድ 14 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ተናግሮ ተቀመጠ፤ ከዚያ በ71 ለ29 ክርክሩ ተዘጋ። ደንቡ ከወጣ ጀምሮ በመብት ረቂቅ ላይ ክርክር ሲዘጋ የመጀመሪያው ነው። በአንጎል ዕጢ የታመመው የካሊፎርኒያው ክሌር ኤንግል መናገር ስላልቻለ በተሽከርካሪ ወንበር ገብቶ በጣቱ ዓይኑን እየነካ ድጋፉን ገለጸ። ሕጉ ጁን 19 ቀን በ73 ለ27 አልፎ ጁላይ 2 ቀን ተፈረመ። ራስል ከዚያ በኋላ ለጆርጂያ ሰዎች ሕጉ ሕግ ነውና አክብሩ አላቸው፤ ይህም ሊመዘገብለት ይገባል።

የቀረውን ባጭሩ እንለፈው። ከ1951 እስከ 1953 እና ከ1955 እስከ 1969 የጦር ኃይሎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። በ1951 ትሩማን በኮሪያ ጦርነት ጦሩን ይመሩ የነበሩትን ጄኔራል ማክአርተርን ሲሽሩ አገሩ ጋለ፤ ራስል ምርመራውን በዝግ አስይዞ፣ ወታደራዊ ምስጢሩ እየተሰረዘ ቃለ ጉባኤው በየቀኑ እንዲወጣ አድርጎ ነገሩን አበረደው። በ1952 ለፕሬዚዳንትነት የፓርቲውን እጩነት ፈልጎ አላገኘም፤ ደቡቡን ሙሉ የያዘ ሰው ከደቡብ ውጭ ሰው አጣ። የኬኔዲን ግድያ ወደሚያጣራው ኮሚሽን ጆንሰን ያለ ፈቃዱ ስሙን አውጆ አስገባው፤ ከአብዛኞቹ ስብሰባዎች ቀረ። ወደ ቬትናም መግባቱን ቀድሞ ቢጠላውም፣ ወታደሩ ከገባ ወዲያ በጀቱን አልከለከለም። በ1969 የሴኔቱ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንትና የበጀት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። የሳንባ በሽታው ጸንቶበት ጃንዋሪ 21 ቀን 1971 ሞተ፤ የተቀበረው ዊንደር ነው። በ1972 አንዱ የሴኔት ቢሮ ሕንፃ በስሙ ተሰየመ፤ በ2018 ስሙ ይቀየር የሚል ሐሳብ ቀርቦ እስካሁን አልተቀየረም።

ስለዚህ አዘጋጆች፣ ስለ ምገባ በምትጽፉት ቀጣይ ክፍል የሰውየውን ስም ከማውጣት ወይም ከማሞገስ ይልቅ የሕጉን የመዋጮ አንቀጽ አትማችሁ ብታስነብቡ ይሻላል። በወረዳም ሆነ በትምህርት ቤት ደረጃ የምገባ ኮሚቴ ውስጥ ያለ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው እሱን ነው፤ መዋጮው ከወላጅ ኪስ ከሆነ መክፈል ያልቻለው ልጅ ድርሻ ከየትኛው መደብ ይሸፈናል? ማገዶና ውኃ በየትኛው ርዕስ ተይዘዋል? እህሉ የሚረከበው በሚዛን ነው ወይስ በከረጢት ቁጥር? በተጨማሪም በጽሑፋችሁ ሕጉ የወጣው በ1966 ነው የተባለው ይታረም። 1966 የቁርስ ፕሮግራም የጀመረበት ሌላ ሕግ ነው፤ የምሳው ሕግ 1946 ነው፤ የራስልን ስም እንዲይዝ የተደረገው ደግሞ ከሞተ ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ1999 ነው።

ከአክብሮት ጋር
የታሪክና የዜግነት ትምህርት መምህራን
ደሴ